የታላቅየው ደም

«ደሜን በየቀጠሮው ትቀጃለሽ፣ ምስጋናው ግን ለእሱ! ይሄ ምን የሚሉት ፍርድ ነው?» አለ ታላቅየው ፀጉር አስተካካይ፣ እጅጌውን እንደጠቀለለ።

«ይረጋጉ እንጂ» አለች ሲስተር። «የእርስዎም ቫይረስ እኮ በጣም ቀንሷል።»

«የእሱስ?»

«የእሱ ጭራሽ አልታየም።»

ታናሽ ወንድሙ ጥግ ይዞ ጫማውን ያያል። ጥፋተኛ ላለመምሰል ሲጥር ጭራሽ ጥፋተኛ መሰለ።

ወንድማማቾቹ አንድ ፀጉር ቤት፣ አንድ መስታወትና ሁለት ወንበር አላቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ የምላጭ ስለት የሚፈትኑት አንዱ የሌላውን ጺም በመላጨት ነበር፤ ሄፓታይተስ «ሲ»ንም በዚያው ሳይካፈሉት አልቀሩም። ማን ለማን እንደሰጠው አይታወቅም። ታላቅየው ግን ሰጪው እኔ ነኝ ባይ ነው።

እንክብሉን በአንድ ቀን ጀመሩ። ሆስፒታሉ ደግሞ ጥናት ላይ ነው፤ ሰው መድኃኒቱን ሲወስድ የሰውነቱ መከላከያ ሴሎች ምን እንደሚሆኑ ከደሙ ይቆጥራል። ጠቡም የተነሳው ከዚሁ ነው። ዶክተሯ የዚያን ጠዋት እንዲህ ብላቸው ነበር፦ «ቫይረስ የሚገድሉት ሴሎቻችሁ ዓመታት ሲታገሉ ዝለዋል። እንክብሉ ቫይረሱ እንዳይራባ ሲይዘው ፋታ ያገኛሉ። ከፊሎቹ ይነቃሉ፤ ሁሉም ግን እንደ ድሯቸው አይሆኑም።» ከዚያ የታናሽየውን ወረቀት አየችና «የአንተዎቹማ ነቅተዋል!» ብላ ሳቀች። ለታላቅየው «ገና ነው» ብቻ።

ይቺ «ገና ነው» አንጀቱ ገባች። ቤቱ ሄዶ ለሚስቱ ነገራት።

«ባንተ ወጥተው ነዋ» አለች ሽንኩርት መክተፏን ሳታቋርጥ። «አንተንስ ጠዋት ያለ ጭቅጭቅ ማን ቀስቅሶህ ያውቃል?»

በዚህ ጊዜ መድኃኒቱን አኮረፈው። ሦስት ቀን አልዋጠም። ሚስት ማኩረፍ ያለ ነው፤ እንክብል ያኮረፈ ግን እሱ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። በአራተኛው ቀን አንድ ነገር ሽው አለበት፦ ለታናሽየው የሰጡት የተሻለው ቢሆንስ? የሁለቱም ብልቃጥ ፀጉር ቤታቸው፣ መቀስ የሚቀመጥበት መሳቢያ ውስጥ ነው። ወንድሙ ውሃ ሊቀዳ ሲወጣ የዚህን ወደዚያ፣ የዚያን ወደዚህ ገለበጠ። መልኩም መጠኑም አንድ ነበር። ቅናት ግን ዓይን የለውም።

በቀጠሮው ሲስተር እንደ ልማዷ የተረፈውን እንክብል ቆጠረች።

«ሦስት ቀን ዘለሃል» አለችው ታናሽየውን።

«እኔ? ስልኬ በየቀኑ እየጮኸብኝ?»

«ሦስት ተርፏላ! መድኃኒት ያቋረጠ ከጥናቱ ይወጣል፤ የመጨረሻውንም ምርመራ የሚከፍለው ከራሱ ኪስ ነው።» ዞር ብላ ለታላቅየው «እርስዎ ግን ጎበዝ ነዎት!» አለች።

የናፈቃት ምስጋና መጣች። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ጣፈጠችው።

ኮሪደሩ ላይ ታናሽየው ቀኖቹን በጣቱ ይቆጥራል፣ ይሳሳታል፣ እንደገና ይጀምራል። «ጋሼ፣ ጭንቅላቴን ነው እንዴ? እንደዋጥኩ እርግጠኛ ነበርኩ እኮ…»

«ጭንቅላትህ ደህና ነው። የተረፉት የኔ ናቸው። ገልብጬ ነው።»

«ምን?»

«ቀናሁብህ! በቃ!»

«በምኔ?»

«በደምህ።»

ታናሽየው መቆጣትም መሳቅም አቃተው።

ታላቅየው ተመልሶ ገብቶ ለሲስተር ተናዘዘ። ስሙን ከጥናቱ መዝገብ ሰረዘችው፤ ሕክምናው ግን አልተቋረጠበትም። ሁለቱም ጨርሰው፣ ሦስት ወር ቆይተው ተመረመሩ።

«ቫይረሱ ከሁለታችሁም ጠፍቷል» አለች ዶክተሯ።

«ሴሎቼስ? ከእሱ ጋር ሲተያዩ?»

«የእርስዎን መቁጠር ትተናል እኮ። ይንቁ አይንቁ በምን አውቄ?»

ታናሽየው አፉን በመዳፉ ሸፈነ። ታላቅየው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ወደ መክፈያው መስኮት አመራ።

«ጋሼ፣ በግማሽ ልካፈልህ።»

«ይሄንን እንኳ ለብቻዬ ተውልኝ» አለና የምርመራውን ሂሳብ ሙሉውን ከፈለ።