ተቆጣጣሪዎቹን የመረቁት እማማ ዝማም

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት... ኧረ ሳቁ እስካሁን አልለቀቀኝም!

የባለቤቴ አክስት እማማ ዝማም ማጭድ እጃቸውን ቆርጧቸው፣ ቁስሉ አመርቅዞባቸው ከፃግብጂ መጡ። እዚህ ሰቆጣ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ (ስሙ ይቅር) ሁለት ቀን ወሰድኳቸው። «ውሃ የለም፣ ፋሻ የለም፣ ነገ ኑ» ተባልን። እጃቸው ግን እስከ ክርናቸው አብጧል... እኔ ደግሞ እጃቸውን ሊያጡ ነው ብዬ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

በሦስተኛው ቀን ስንሄድ ግቢው ሙሽራ የሚጠብቅ መስሏል። ቧንቧው ይፈሳል! ሳሙና አለ! ፋሻው ተደርድሯል፤ አልጋው ላይ ነጭ አንሶላ ተወጥሯል። እማማ አልጋው ላይ ቁጭ ሊሉ ሲሉ ሲስተሯ ደንግጣ፣

«ኧረ እማማ፣ ይጨማደዳል! ተቆጣጣሪዎች እየመጡብን ነው፤ ለጊዜው መሬት ይቀመጡልኝ» አለች።

እኛ መሬት፣ አንሶላው አልጋ ላይ።

ሁለት ተቆጣጣሪዎች ፎርም ይዘው ገቡ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ከፊት ከፊት እየሮጠ «ይኸው፣ ሁሌም እንዲህ ነው» ይላል፤ አንደኛው ተቆጣጣሪ ፎርሙ ላይ ምልክት ያደርጋል።

«እነዚህ እነማን ናቸው?» አሉኝ እማማ።

«ሥራው በደንብ መሠራቱን የሚያዩ ናቸው።»

«ታዲያ ሳይመረቁ ይሂዱ?» ብለው ብድግ!

በኛ አገር ትልቅ ሰው ለምርቃት ከተነሳ ሁሉም ይነሳል፤ ምርቃት ደግሞ አይቋረጥም። ኃላፊውም ሳይወድ እጁን ዘረጋ።

«የደረቀውን ቧንቧ ያፈሰሰ እግራችሁን እንቅፋት አያግኘው!»

«አሜን!» አልን በሽተኞቹ በሙሉ።

«ትናንት የለም የተባለውን ፋሻ እንዳስገኛችሁ፣ የጠፋባችሁን ያስገኝላችሁ!»

«አሜን!»

«አንሶላው እንዳይጨማደድ መሬት ለተቀመጥነው እንደደረሳችሁልን፣ እሱም ይድረስላችሁ!»

«አሜን!»... ኃላፊው ራሱ አሜን አለ፣ ምን ያድርግ!

ተቆጣጣሪው ምልክቱን ሰረዘው። «እናቴ፣ ስንት ቀን ተመላለሱ?»

«ይቺ ሦስተኛዬ ናት፣ ልጄ።»

ወደ ሲስተሯ ዞረና «በይ አልጋው ላይ አውጫቸው!» አለ። ቁስሉ ታጠበ፣ መርፌ ተወጉ፣ እጃቸው በፋሻ ተጠቀለለ። እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝ!

ስንወጣ ሲስተሯ «ከነገ ወዲያ ቁስሉ ስለሚታጠብ ይመለሱ» አለቻቸው። እማማ እሷን ትተው ወደ ተቆጣጣሪው ዞሩ።

«እናንተስ ያን ቀን ትኖራላችሁ፣ ልጄ? ከሌላችሁ የምትመጡበትን ንገሩኝና ያኔ ልምጣ።»

ሐኪሙን ትቶ ከተቆጣጣሪ ቀጠሮ የሚጠይቅ በሽተኛ... እኔ ያየሁት እማማን ብቻ ነው።