እስፓኝን በማር የተወራረዱ ወንድማማቾች

ልጅ ሳለሁ ሰቆጣ ላይ ያየሁትን ነው የምጽፈው፤ አንዲት ቃል ብጨምር ዕድሜዬ ይጠር፣ የቀረችኝ ጥርስም ትርገፍ።

ያኔ አባቴና ታላቅ ወንድሙ ሞላ፣ ልጅ ሳትወልድ የሞተች አክስታቸው በተወችው ማሳ ተጣልተው ነበር። ማሳውስ ማሳ ነበር! በቅሎ ከጧት እስከ ማታ ብትጋልብ ዳሩ አትደርስም። በነሱ ጠብ እኔና የአጎቴ ልጅ ዘነበች አብረን ውኃ እንኳ እንዳንቀዳ ተከልክለን፣ በአጥር ቀዳዳ ጣታችንን እያነካካን እንሰነባበት ነበር።

ወንድማማቾቹ ሳይቀሩ የሚገናኙት አያ ወልዱ ቤት ብቻ ነው። አያ ወልዱ የአባቴ አጎት፣ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነበሩ፤ በመስኮት ሥር ተቀምጠው ያዳመጡትን የታሪክ ትምህርት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይተርኩልናል። የወይራው ፍም ሲግም፣ ኩራዙ ሲርገበገብ፣ ነገሥታቱ በጢሱ ውስጥ ካባቸውን እየጎተቱ ሲያልፉ እነዚህ ዓይኖቼ አይተዋል።

አንድ ምሽት እንዲህ አሉ፦ «የእስፓኝ ንጉሥ ልጅ ሳይወልድ ሞተ። የፈረንሳይ ንጉሥ የልጅ ልጅ ‹ኑዛዜ አለኝ› አለ፤ የኦስትሪያው ልዑል ‹ዘሩ እኔ ነኝ› አለ።»

አክስቱ የተናዘዘችለት አባቴ ብድግ አለ። «ለባለ ኑዛዜው ነው! በማር!» ችሎት ፊት ተሟጋች እንደሚወራረደው መሆኑ ነው።

«ኑዛዜ ዘርን አይነቅልም! በሁለት ቅል ማር!» አለ በታላቅነቱ የሚሟገተው አጎቴ።

«ማሩ ይቅረብ» አሉ አያ ወልዱ፣ ሣቃቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ባላንጣዎች ጦር ገጥመው መድፉ ገደል ሲወጣ፣ ጎረምሳው ሲያልቅ፣ አዝመራው ሲነድ ሰባት ምሽት ሰማን። ጦርነቱ ግን አያልቅም።

«በሞቴ አያ፣ ማን ወሰደ? ይንገሩን!» አለ አባቴ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ሆኖ።

«እናንተ ስትጨርሱ እነሱም ይጨርሳሉ» አሉና ኩራዙን እፍ አሉት።

በማግስቱ ወንድማማቾቹ እየተነጫነጩ ማሳው ላይ ገመድ ጣሉ። ሲመሽም «ተካፍለናል!» እያሉ ገቡ።

«እነሱም ተካፈሉ» አሉ አያ ወልዱ። «ዘውዱ ለባለ ኑዛዜው፣ ዳር ዳሩ ግዛት ለሌላው። ግን ሬሳ ቆጥረው ነው። እንግዲህ ሁለታችሁም ተረታችሁ፤ ማሩ የልጆቹ ነው።»

እኔና ዘነበች ከአንድ ቅል ላስን። የእስፓኝን መንግሥት እስከ ዛሬ የማውቀው በምላሴ ነው።

አንዲት ትንሽ ነገር ግን ጨምሬያለሁ፤ የማሳውን ስፋት። ሁለት በሬ ጎን ለጎን ቢተኛበት፣ የአንዱ ጅራት ከድንበሩ ይወጣ ነበር።