በመርሳ ቁልቁለት የተሰጠኝ ጥፋት

አራጋውን ከብስክሌት የጣልኩት እኔ አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ መርሳ ላይ ዛሬም ስሜ ሲነሳ «ያቺ ልጁን ያሰበረችው» የሚሉ ሰዎች ስላሉ ነው። አብዛኞቹ በቦታው አልነበሩም። እኔ ነበርኩ። ያየሁትን እንዳየሁት ልናገርና የፈለገ ይፍረድ።

ነገሩን የቀሰቀሰችብኝ የልጄ ልጅ ሐያት ናት። ወልድያ ውስጥ ከጓደኞቿ ጋር ወፍራም ጎማ ባላቸው ብስክሌቶች ቁልቁለት ይወርዳሉ። አስፋልት ላይ እንዳይመስላችሁ፤ ፍየል እንኳ እግሯን መርጣ በምታስቀምጥበት ድንጋያማ ቦታ ነው። መዝናናት ነው ይሉታል። ባለፈው ቅዳሜ ማታ «እማማ፣ ነገ መርሳ ልንሄድ ነው። ከከተማው በላይ የድንጋይ ደረጃ ያለው ቁልቁለት አለ አሉን» አለችኝ።

የያዝኩትን ስኒ አስቀመጥኩ።

«እኔም እመጣለሁ።»

«አንቱ? ምን ሊሠሩ?»

«ቆሜ ላያችሁ።»

ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም። በማግስቱ ሚኒባሱ ውስጥ እስከ መርሳ ድረስ የፊቴን ወንበር ጨብጬ ነው የሄድኩት። ብስክሌቶቹ ጣሪያ ላይ ታስረው በየጉድጓዱ ሲንቋቁ፣ የእኔም ልብ አብሯቸው ይንቋቋ ነበር። መርሳ ስንደርስ ብርቱካንና ማንጎ የያዙ ልጆች መስኮቱን ከበቡት፤ ሐያትና ጓደኞቿ ገዝተው እየላጡ ይቀልዳሉ፤ እኔ አንዲት ፍሬ እንኳ አልወረደልኝም።

ሐያት የራስ ቆቧን ስታጠልቅ ክንዷን ያዝኩት። «ስሚኝ። ከመቀመጫው ተነሺ፤ ፔዳሎቹን አስተካክለሽ ቁሚባቸው። ቂጥሽን ወደ ኋላ አድርጊ። የፊቱን ፍሬን ብቻውን እንዳትይዢ፣ በአናትሽ ትተከያለሽ። የምትፈሪውን ድንጋይ አትዪ፤ የምታልፊበትን እዪ።»

ልጆቹ በሙሉ ዞረው አዩኝ።

«እማማ፣ ይህን ማን አስተማረዎት?»

«አሁን ወደ ላይ ውጪ፤ ስትወርጂ እነግርሻለሁ» አልኳት። ብስክሌታቸውን እየገፉ ሽቅብ ሄዱ። እኔ ከታች፣ ከወንዙ ዳር ቀረሁ። ያ የቆምኩበት ቦታ ያኔም የቆምኩበት ነው።

ያን ዓመት ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። በሚቀጥለው ዓመት ወልድያ አክስቴ ዘንድ አርፌ እንድማር አባቴ ቃል ገብቶልኝ ነበር። ሁለት የማይለዩኝ ጓደኞች ነበሩኝ። አንዷ የጎረቤታችን የቄሱ ልጅ ፋንታዬ ናት፤ ሌላው አራጋው። አራጋው እናት አባቱን በልጅነቱ አጥቶ ያደገው በአጎቱ በአያ እንድሪስ ቤት ነው። አያ እንድሪስ መርሳ ላይ ብስክሌት ይጠግኑና ያከራዩ ነበር። ሥራ ቀዝቀዝ ባለ ቀን አራጋው ሲለምናቸው ለእኛም ይሰጡን ነበርና፣ ከድንጋዩ ደረጃ መውረድን የተማርነው በእነዚያ በከባድ የቻይና ብስክሌቶች ነው።

እናቴ አትወደውም ነበር። «ሴት ልጅ እግሯን ከፍታ!» ትላለች። እኔም ከቀሚሴ ሥር የወንድሜን ሱሪ እለብሳለሁ፣ ሻሼን ጠበቅ አድርጌ አስራለሁ፣ ከቤት ስወጣ የኋላ የኋላዬን እያየሁ ነው። እታያለሁ አልታይም የሚለው ጭንቀት ከቁልቁለቱ ይብስ ነበር።

ቀኑ በጥቅምት ነው። ማሽላው የሰው ቁመት አልፎ ቆሟል፤ ወንዙ ከክረምት ጭቃው ጠርቷል። ብስክሌቶቹን እየገፋን ጥንቅሽ እየመጠጥን ወጣን። ማሽላ የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ከማማቸው ላይ ሆነው «ልጆች፣ ብረት እየገፋችሁ ሽቅብ፣ ብረት እየያዛችሁ ቁልቁል፤ ምን ሆናችሁ ነው?» ብለው ሳቁብንና የተጠበሰ እሸት ሰጡን። እጃችን እስኪጠቁር በላን።

ከዚያ ወረድን፣ ወጣን፣ እንደገና ወረድን። ፋንታዬ እግሮቿን መሬት ለመሬት እየጎተተች ነው የምትወርደው።

«ፋንታዬ፣ ብስክሌቱ ነው እኮ አንቺን የሚነዳሽ!» አላት አራጋው።

«አንተን ምን አገባህ? በማርያም፣ እኔና እሱ ተስማምተናል!»

በጣም ሳቅን። እንዲህ ያለ ቀን ነበር። ሰው ክፉ ነገር የሚያገኘው በክፉ ቀን ብቻ ይመስለዋል።

ለመጨረሻ ጊዜ አናቱ ላይ ስንደርስ አራጋው ፍሬኑን ጨበጠ። እጀታው ያለ ምንም ትግል ሄዶ መሪውን ነካ። ለቀቀው፤ ደግሞ ጨበጠው፤ ያው ነው። እኔ አየሁት።

«አራጋው፣ ይሄ አይይዝም።»

«አጎቴ ትናንት ነው ያየው። ደህና ነው ብሎኛል።»

«ወላሂ አይይዝም። በደረጃው እንዳትመጣ፤ ተሸክመህ ና።»

«እሺ አቦ ሰዓዳ፣ አንቺ ሂጂ።»

እሺ ያለኝን አምኜ ወረድኩ። ፋንታዬ ቀድማኝ ወርዳ ውሃ ልትጠጣ ወደ ወንዙ ሄዳ ነበር። እኔ ከታች ቆሜ ወደ ላይ አየሁ። ብስክሌቱን ትከሻው ላይ አድርጎ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ተቀምጦበት ብቅ አለ። «ተው!» ብዬ መጮሄን አስታውሳለሁ። የመጀመሪያውን ድንጋይ በደንብ አለፈው። ሁለተኛውንም። ከዚያ ፍጥነቱ ከእጁ ወጣ። እጀታውን በሁለት እጁ እስከ መጨረሻ ሲጨብጠው አየሁ፤ ብስክሌቱ ግን ጌታ እንደሌለው ነገር መጣ። ከመንገዱ ዳር ካለው ቁልቋል አጠገብ ዘሎ ድንጋዩ ላይ ወደቀ። የእግሩ አጥንት ሲሰበር ያሰማው ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ ነው።

እኔና ፋንታዬ በነጠላዋ ተሸክመን፣ የማሽላው ጠባቂ ረድተውን አወረድነው። ወጌሻ ጠራንለት። እግሩ ዳነ፤ ግን አጥሮ ዳነ።

ያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበረኝም። አያ እንድሪስ ኃይለኛ ሰው ናቸው፤ «የወንድሜን ልጅ ያሽመደመደችው የማን ልጅ ናት?» እያሉ ገበያ መሀል ይፎክራሉ መባሉን ሰማን። አባቴ ከመስጊድ ሲዘገይ እናቴ በር ላይ ትቆማለች። ወንድሜ ዱላ ይዞ መውጣት ጀመረ። የሰው ደም ሊፈስ ነው፣ በእኔ ምክንያት ሊፈስ ነው እያልኩ የሰው ኮቴ በሰማሁ ቁጥር እደነግጣለሁ።

እንዲህ ሲሆን ሽማግሌ ገባ። በእኛ አገር እንዲህ ያለው ነገር ፍርድ ቤት አይሄድም፤ ሼሁም ቄሱም አንድ ላይ ይቀመጣሉ፤ እርቅ ይወርዳል፤ በዱዓና በምርቃት ይዘጋል። ዱዓ የተደረገበትን ነገር መልሶ ማንሳት እርቁን ማፍረስ ነው፤ ያነሳው ሰው እንደገና በዳይ ይሆናል። ይህ ደግ ሥርዓት ነው። ስንት ቤት ከመፍረስ አድኗል። እኔን ግን ከአጥር ኋላ አቆመኝ፤ ሴት ልጅ ከሽማግሌ መሀል አትገባማ።

አራጋውን ከነአልጋው አውጥተው አጎቱ ግቢ ካለው ቁርቁራ ዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጠውታል። አያ እንድሪስ ከራስጌው ቆመዋል።

ሼሁ «ልጄ፣ አብሽር። ምን ሆነህ ወደቅህ?» አሉት።

አራጋው ወደ አጎቱ አየ። አያ እንድሪስ አሳላቸው።

«ሰዓዳ ናት» አለ አራጋው። «ፈሪ ብላ ገፋፋችኝ።»

«ውሸት ነው! ፍሬኑ ነው! ፍሬኑ አይይዝም ነበር!» ብዬ ጮህኩ። እናቴ አፌን በእጇ አፈነችው። ፋንታዬ አጠገቤ ቆማ ታለቅስ ነበር፤ እሷንም የጠየቃት የለም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ አጥሩ ዞሮ «ይቺን ልጅ ያዟት» አለ፤ ሌሎቹ መሬት መሬት ያያሉ።

አባቴ ተነሳ። ድንጋይ አንስቶ ማጅራቱ ላይ አደረገና ጎንበስ አለ። «ልጄ ካጠፋች እኔ አጥፍቻለሁ» አለ። አያ እንድሪስ ድንጋዩን ከአባቴ ላይ አወረዱለት፤ ተቃቅፈው ተሳሳሙ። ሼሁ ዱዓ አደረጉ፤ ቄሱ መረቁ፤ ሁሉም አሚን አለ። በመጨረሻ ከመሀላቸው አንዱ «ልጅቱም ከእንግዲህ ትሰብሰብ» አለ። ሌላ ቅጣት አልጨመሩም። ያቺ ቃል ግን ብስክሌቱንም ወልድያንም ከእኔ ወሰደች። ወልድያን ያየኋት በተማሪነት ሳይሆን በሙሽርነት ነው።

እውነቱ ይነሳልኝ ብዬ አባቴን ጠየቅሁት። «ልጄ፣ ዱዓ ተደርጎበታል» አለኝ። አራጋውን በየሠርጉና በየለቅሶው ሳገኘው በዐይኔ ጠየቅሁት፤ ዐይኑን ያሸሻል። አያ እንድሪስ እስኪሞቱ፣ አባቴም እስኪሞት ድረስ እርቃቸውን አላፈረስኩም። እኔን ሰላም አስጠባቂ አድርገውኝ ሄዱ።

«እማማ!»

ሐያት ከላይ ብቅ አለች። ያ አላህ፣ ያ አላህ እያልኩ ጨርቄን ጨበጥኩ። ከመቀመጫዋ ተነስታ፣ ክርኗን ከፍታ፣ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየተንሸራተተች መጣች። ፍሬኗ ያዘ። አጠገቤ ስትቆም መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ አልሐምዱሊላህ ማለት እንኳ ዘገየብኝ። «አመመዎት?» አለችኝ። «ምንም አልሆንኩም። እናንተ ተጫወቱ፤ የምጠይቀው ሰው አለኝ» አልኳት።

ያን የወሰንኩት እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ ነው። ሐያት ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ ቁልቁለትም ትወርዳለች፤ ትሰብሰብ ያላት የለም። ደስ አለኝ፤ ወዲያውም አንገበገበኝ። ሰላም ትልቅ ነገር መሆኑን እኔም አውቃለሁ፤ የእኛ አገር ሰው ሰላም ማጣትን አይቶታል። ግን ሰላሙ የቆመው በማን ላይ እንደሆነ የቆመበት ሰው ማወቅ አለበት።

አራጋው ቤቱ ከወንዙ አይርቅም። ሸምግሏል፤ ዛሬ እሱም ከአስታራቂዎቹ አንዱ ነው። ማንጎው ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ሚስቱ ፓፓያ ቆርጣ አቀረበችልኝ፤ እሷ እስክትገባ ጠበቅሁ።

«አራጋው፣ የእርቁ ባለቤቶች ሞተዋል። የሚፈርስ እርቅ የለም። ፍሬኑ ነበር?»

አጭሩን እግሩን በእጁ አሸት አሸት አደረገ። «ፍሬኑ ነበር።»

«ታዲያ ማን ዋሽ አለህ?»

«አጎቴ። ሌላ የማድርበት ቤት ነበረኝ እንዴ፣ ሰዓዳ?»

«አልነበረህም። ሽማግሌዎቹንም አሞኘሃቸው።»

«አልተሞኙም» አለ። «ከመቀመጣቸው በፊት ሼሁ ሱቃችን መጥተው ብስክሌቷን አይተዋት ነበር። እጀታውን በእጃቸው ጨብጠውታል። እያወቁ ነው።»

ፓፓያውን ሳህኑ ላይ መለስኩት።

«እያወቁ?»

«አጎቴን አጥፍተሃል ቢሉት ቂም ይይዛል፤ አገር ይበጠብጣል። አባትሽ ቂም የማያውቅ ሰው ነበር። ጥፋቱን ለማይቀየመው ሰው ሰጡት። እኛም ዛሬ አንዳንዴ እንዲሁ እናደርጋለን።»

«እኔስ? እኔን ምን ትሁን አሉ?»

ከቁልቁለቱ በኩል የሐያትና የጓደኞቿ ሳቅ ይሰማል። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ዐይኔን አየኝ።

«አንቺማ ሲመክሩ ስምሽም አልተነሳ፣ ሰዓዳ። ያን ቀን ስለ አንቺ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም።»