የተዘጋ መስኮት

ከጢስ ዓባይ ወደ ባሕር ዳር በሚመለስ ሚኒባስ ተሳፍሬያለሁ። ከወንበሬ ሥር አንድ ጀሪካን በረኪና ያንጠባጥባል። መስኮቶቹ ሁሉ ተዘግተዋል።

ሽታው ሐይቁ ዳር ወደነበረው ትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ መለሰኝ። ክሎሪን ስንሠራ መስኮት ይከፈት ተብለን ነበር። ግን ጓደኛዬን ጉንፋን ይዟት ስለነበር የጣና ነፋስ እንዳይመታት ብለን ገፍተን ዘጋነው። ጋዙ ጉሮሯችንን ሲይዘው መልሰን ብንጎትት፣ ዝናብ ያሳበጠው እንጨት አልላቀቅ አለ። በሩ ከጋዙ ወዲያ ማዶ ነው። ግድግዳው ላይ ተለጥፈን ቀረን።

ቤተ ሙከራውን የሚጠብቁት እትዬ አበበች አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው ገቡ፤ መስተዋቱንም በበርጩማ ሰበሩት። ደጅ ሣሩ ላይ ስንስል ቆመው አዩን።

«ብርድማ ቢመታችሁ ዳማከሴ አሽቼ አጠጣችኋለሁ» አሉ። «ይኼ ሳንባችሁን ቢበላው ምን አሽቼ ላጠጣችሁ?»

ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ ሕፃን አቅፋ የተቀመጠችውን ሴት «እህቴ፣ እባክሽ መስኮቱን ትንሽ ክፈችው» አልኋት።

«ልጁን ብርድ ይመታዋል» አለችና ነጠላዋን አለበሰችው። ከኋላ ያሉትም «እውነቷን ነው» አሉ።

ሕፃኑ ሳለ። ባሕር ዳር ገና ሩቅ ነው።