ከሐያት አግዳሚ ላይ የቆረጥኩት ሰባት ሴንቲ ሜትር

ነገሩ ከሆነ ገና ዓመት አልሞላውም። ሠላሳ ዓመት በእንጨት ሥራ ስኖር ያበላሸሁት ዕቃ ብዙ ነው። እንደዚህኛው ግን ባስታወስኩት ቁጥር የሚያሳፍረኝ የለም።

ሥራ ቤቴ አዲስ አበባ፣ አብነት ሰፈር ነው። ልደታ ኮንዶሚኒየም አጠገብ ባለ አሮጌ አዳራሽ ውስጥ የሰፈሩ ሰው ትንሽ ሙዚየም ሲያቋቁም፣ የወንበርና የመደርደሪያውን ንድፍ የሰፈሩ ወጣቶች እንዲያወጡ፣ እኔ ደግሞ እንድሠራው ተስማማን። መጀመሪያ አንዱ ክፍል ይሠራና ካማረ ሁለተኛውም ለወጣቶቹ ይሰጣል ተባለ። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም።

የአግዳሚ ወንበሩን ንድፍ ያመጣችልኝ ሐያት የምትባል የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት። እናቷ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ልብስ ይሰፋሉ። ወረቀቱ ላይ የመቀመጫውን ቁመት ሃምሳ ሁለት ሴንቲ ሜትር ብላ ጽፋለች። ሳየው ሳቄ መጣ።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ ወንበር ነው ባንኮኒ? በምንድነው የለካሽው?»

«በእማዬ ሜትር» አለችና የልብስ ሰፊ ሜትር ከቦርሳዋ አወጣች።

«እንጨት በዚህ አይለካም።»

«እንጨቱን አይደለም ጋሼ፣ ሰዎቹን ነው የለካሁት። እባክዎን እንዳይቀንሱብኝ።»

«እሺ» አልኳት። የትኞቹን ሰዎች እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኳትም።

ወንበር አርባ አምስት ነው። እኔን ሙያ ያስተማሩኝ ሰው እንዲህ ብለውኛል፤ እኔም ያስተማርኳቸውን ሁሉ እንዲሁ ብያለሁ። ስለዚህ ሰባቱን ሴንቲ ሜትር ቆረጥኩት። ልጅቷን ከመሳቂያነት ያዳንኳት ነበር የመሰለኝ። ለማንም አልተናገርኩም።

በምረቃው ቀን፣ የቆየ ዕቃቸውን ለሙዚየሙ የሰጡ አዛውንቶች ተጋብዘው አግዳሚው ላይ ተደረደሩ። እትዬ ዘይነባ መሃል ተቀመጡ። ሪባን እንዲቆርጡ ስማቸው ሲጠራ ግን መነሳት አቃታቸው። ሞከሩና ተመልሰው ቁጭ አሉ። ደግመው ሞከሩ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሁለት ጎረምሶች ብብታቸውን ይዘው ሲያነሷቸው ሻርባቸው ከራሳቸው ላይ ተንሸራተተ። እትዬ ዘይነባ ሪባኑን ሲቆርጡ ቀና ብለው ሰው አላዩም።

የሙዚየሙ አስተባባሪ በሰው ፊት ተቆጣ። «ለልጆች ሲሰጥ እንዲህ ነው! የሽማግሌ ጉልበት መቼ ያውቁና!» ወደ እኔም ዞሮ፣ «እርስዎስ ባለሙያ ሆነው እንዴት ዝም አሉ?» አለኝ።

«በንድፉ መሠረት ነው የሠራሁት» አልኩ።

ሐያት አጠገቤ ቆማ ነበር። አዛውንቶቹ ወጥተው ሲያልቁ በርከክ ብላ የአግዳሚውን እግር ለካች፤ ሜትሩን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች።

በዚያው ሳምንት ሁለተኛው ክፍል ከወጣቶቹ ተነጠቀ። ተሠርቶ ያለቀ ወንበር ከመርካቶ ይገዛ ተባለ።

ሁለት ሳምንት አመነታሁ። በመጨረሻ ወደ አስተባባሪው ሄጄ እውነቱን ነገርኩት። «ወንበሮቹ እኮ ተገዝተዋል። አሁን ምን ይደረግ?» አለኝ። ከዚያ ወደ እናቷ ሱቅ ሄድኩ። ሐያት ቁልፍ እየተከለች ነበር።

«የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ ጋሼ። ለካሁት እኮ።»

«ታዲያ ያኔ በሰው ፊት ለምን አልተናገርሽም?»

«እርስዎ ይናገራሉ ብዬ ጠብቄ ነዋ።»

ከመሳቢያ አንድ ደብተር አውጥታ ሰጠችኝ። የአሥራ አንድ አዛውንቶች ስም ተጽፎበታል። ቤት ለቤት ዞራ፣ እያንዳንዳቸው ያለ ሰው እርዳታ ከምን ያህል ከፍታ ላይ መነሳት እንደሚችሉ ለክታ መዝግባለች። የእትዬ ዘይነባ ሃምሳ ሁለት ነው።

የአግዳሚውን እግሮች አውልቄ በልኬቷ አዲስ ሠራሁላቸው። እትዬ ዘይነባ አሁን ብቻቸውን ይነሳሉ። ይቅርታም ጠይቄያቸዋለሁ፤ መርቀውኛል። ሐያት ግን ከዚያ ወዲህ ሙዚየሙን ረግጣ አታውቅም፤ ንድፍ መሥራቱንም ትታዋለች አሉ።

አንዳንድ ቀን ታክሲ ስትጠብቅ አገኛታለሁ። እንደ ድሮው ጎንበስ ብላ፣ «ደህና ዋሉ ጋሼ?» ትለኛለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።