ወንጀል የለባትም የሚለው ወረቀት

በእኛ ቤት የውጭ ጉዞ ፕሮሰስ አይወራም። ሕጉ የእናቴ ነው። አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ ወደ ካናዳ፣ ካልጋሪ ስንመጣ ለጎረቤቱ ሁሉ «ሐዋሳ ሠርግ አለብን» ብላ ነው ይዛኝ የወጣችው። ከጓደኛዬ ጋር የተለያየነው «ሰኞ እንገናኝ» ተባብለን ነው። ቪዛው ተመትቶ፣ ትኬቱ ተቆርጦ፣ ሻንጣው ተቆልፎ እንኳ ለሰው አይነገርም። አውሮፕላኑ ተነስቶ ቀበቶ ፍቱ ሲባል ያኔ ይነገራል። ለምን ብትሏት «የሰው አፍ ጥሩ አይደለም» ነው መልሷ። እኔም ይሄን እየሰማሁ አድጌ፣ በሠላሳ ሦስት ዓመቴ ሕጉን በራሷ ላይ ተጠቀምኩበት።

ዳውንታውን ካለ የነዳጅ ኩባንያ ሌይኦፍ ተደርጌ ስምንት ወር ቤት ተቀምጬ ነበር። ሥራዬ የዕቃ ማጓጓዣ ወረቀት መከታተል ነው። ማመልከቻ ያላስገባሁበት ቦታ የለም፤ በመጨረሻ ማልታ የሚባል አገርም አስገባሁ። እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ ካርታው ላይ ሳያት ስክሪኑ ላይ ያለ ቆሻሻ መስላኝ በጥፍሬ ልፍቃት ነበር። ሜዲትራኒያን ባሕር መሃል ጠብ ያለች ደሴት ናት። እዚያ የመርከብ ወረቀት የሚያዘጋጅ አንድ ቢሮ ሦስት ጊዜ ኢንተርቪው አደረገኝ። ሦስቱንም የሰጠሁት በጠዋት፣ ሕንፃ ከሕንፃ በሚያገናኘው በፕላስ ፊፍቲን መተላለፊያ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው፣ እናቴ እንዳትሰማ። ከኋላዬ ሰው ቡናውን ይዞ እየተጣደፈ ሲያልፍ ሥራ ያለኝ ነበር የምመስለው። ወሰዱኝ።

እዚያ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱ በአንድ ካርድ ነው የሚወጣው። የሚያመለክተው ቀጣሪው ነው፤ የምሯሯጠው ግን እኔ። ኮንትራት፣ ኢንሹራንስ፣ ዲግሪ፣ በአካል አይቼው የማላውቀው ቤት የኪራይ ውል። አከራይዋ በቪዲዮ በረንዳዋን ስታሳየኝ ስልኳ እየተንቀጠቀጠ በደንብ ያየሁት የተኛች ድመት ብቻ ነው፤ ፈረምኩ። ከሁሉም ያለፋኝ ግን ወንጀል የለባትም የሚለው የፖሊስ ወረቀት ነበር። አሻራ ትሰጫለሽ፣ ወረቀቱ ይመጣል፣ መልሰሽ ኦታዋ ትልኪዋለሽ፣ እዚያ ማህተም ተመትቶበት በኩሪየር ይመለሳል። ቀጣሪዎቼ ደግሞ ዋናው ወረቀት በወሩ መጨረሻ እጃችን ካልገባ ቦታውን ለሌላ ሰው እንሰጣለን ብለው ጽፈውልኛል። የተሟላውን ሁሉ በፎልደር አድርጌ መኪናዬ የኋላ ትራንክ ውስጥ፣ ከመስታወት ማጠቢያው ውሃ ጀሪካን ሥር ነበር የምደብቀው።

ለምን ደበቅሻት ብትሉኝ «ሕጓ ነዋ» እላለሁ። ውሸቴን ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ ቤልትላይን ሰፈር ባለች ሁለት መኝታ አፓርትማ የምንኖረው እኔና እሷ ብቻ ነን። እናቴ እዚሁ አጠገባችን ኦኮቶክስ ያለች ጓደኛዋን ለማየት እንኳ ከሁለት ቀን በፊት ስንቅ የምታሰናዳ ሴት ናት። እኔ የሰውን አፍ አልፈራሁም። የፈራሁት ከእሷ አፍ የምትወጣ አንዲት ቃል ነው፤ «አትሂጂ»። ያቺን ቃል ካለች አልሄድም፣ ራሴን አውቀዋለሁ። ካልሄድኩ ደግሞ ሶፋው ላይ ተጋድሜ እሷ ላይ ስነጫነጭ መኖሬ ነው። ስለዚህ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ፣ «አትሂጂ» ማለት በማትችልበት ሰዓት ልነግራት አሰብኩ። አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል።

በዚያው ሰሞን እናቴ ተለወጠችብኝ። ሞታ ካልሆነ የማትቀርበትን የረቡዕ የጸሎት ፕሮግራም ተወች። «ጉልበቴን አሞኛል» አለች። ጠዋት ስነሳ ገንፎ ሠርታ ትጠብቀኛለች። ገንፎ! አራስ ነኝ እንዴ? በር ሲንኳኳ ትበረግጋለች። መኪና ውስጥ «ቀስ በይ፣ ፖሊስ አለ» ትለኛለች፣ ፖሊስ በሌለበት። ዕድሜ ነው ብዬ አለፍኩት።

አንድ ዓርብ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከኦታዋ የሚመጣው ፖስታዬ የት ደረሰ ብዬ ስልኬን ሳይ «ተቀባይዋ በዚህ አድራሻ አትኖርም፤ ወደ ላኪው ይመለሳል» ይላል። ደሜ ፈላ። ለወሩ መጨረሻ የቀረው ስምንት ቀን ነው። ኩሪየሩ ጋ ስደውል፣ ፖስታው ኖርዝ ኢስት ሰፈር ባለው መጋዘናቸው ነው፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተጭኖ ይሄዳል አሉኝ። የሕንፃችን ማናጀር ላይ ወርጄ ልጮህበት ጫማዬን እያሰርኩ እናቴን ጠየቅኳት።

«እማዬ፣ ዛሬ ሰው መጥቶ ነበር?»

«የምን ሰው? ማንም አልመጣም።»

ፎጣ እያጠፈች ነበር። ያንኑ አንድ ፎጣ ሦስት ጊዜ አጠፈችው።

«እማዬ!»

«ዩኒፎርም የለበሰ ነው የመጣው» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር። «ስምሽን ጠራና ፈርሚ አለኝ። እዚህ አትኖርም፣ ቶሮንቶ ገብታለች አልኩት።»

«እንዴ! ምን ሆነሽ ነው?»

ፎጣውን አስቀምጣ መኝታ ቤቷ ገባች። የደም ግፊት መለኪያዋን ቦርሳ ይዛ ወጣችና ከሥሩ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣች። አሻራ የሰጠሁበት ደረሰኝ ነው። ጃኬቴን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ ነው ያገኘችው። እናቴ ሃያ ዓመት የሆስፒታል ወለል ስታጸዳ ብዙ እንግሊዝኛ አልተማረችም፤ «ፖሊስ» እና «ክሪሚናል» የሚሉትን ግን ታነባለች። እነሱ በቅተዋታል። ለሦስት ሳምንት ልጇ ወንጀለኛ ናት ብላ ኖራለች።

«ሰው ገጨሽ?» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ንገሪኝ። ሞተ?»

ሳቄ መጣ፤ ከሳቁ ጋር እንባዬም ተከተለ። «እማዬ፣ ይሄ እኮ ወንጀል የለባትም የሚል ወረቀት ማውጫ ነው!»

«ከሌለብሽ ታዲያ ወረቀት ምን ያደርግልሻል?»

ቁጭ አልኩና ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ማልታውን፣ መርከቡን፣ ፈቃዱን፣ በረንዳውን፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተጭኖ የሚሄደውን ፖስታ። መጀመሪያ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ተመስገን! ተመስገን ጌታዬ፣ ሰው አልገደለችም!» ብላ በረጅሙ ተነፈሰች። ቀጥሎ ነገሩ ገባት።

«እና ደበቅሽኝ።»

«ፕሮሰስ ለሰው አይነገርም ያልሽው አንቺ አይደለሽ?»

«ለሰው ነዋ ያልኩሽ! እኔ ሰው ሆንኩብሽ?»

አንገቴን ደፋሁ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት እሷ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየች ነው። «እስከ አሥራ ሁለት ነው ያልሽው? ተነሺ በይ። እኔም እሄዳለሁ። የዋሸሁት እኔ፣ ብቻሽን ብትሄጂ ማን ይሰጥሻል?»

የዓርብ መውጫ ሰዓት ነው፣ በረዶም ጥሏል። ዲርፉት አውራ ጎዳና ላይ መኪናው ሁሉ ተገትሯል። ከዚህ በፊት ብላው የማታውቀውን «ትንሽ ፍጠኚ እንጂ» አለችኝ። ቆመን ሳለ ረቡዕ ለምን እንደቀረች ጠየቅኳት።

«የጸሎት ርዕስ ይጠይቁኛላ» አለች። «ብነግራቸው አንቺን ማዋረድ ነው። ብዋሽ ደግሞ ጌታ ፊት ነው። ቤቴ ሆኜ ብቻዬን ጸለይኩ።»

እንግዲህ አስቡት። ሰው የገደልኩ መስሏት፣ ለአንድ ሰው ሳትተነፍስ፣ ምን አጠፋሽ ብላ ሳትጠይቀኝ፣ ገንፎ ስታገነፋልኝ ነበር የከረመችው። እኔ ግን ትከለክለኛለች ብዬ ፎልደሬን ትራንክ ውስጥ እደብቃለሁ። በዚያ መንገድ ላይ በራሴ አፈርኩ፤ ነገርኳትም። «ነጂ ዝም ብለሽ» አለችኝ።

መጋዘኑ ስንደርስ ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። መስኮቱ ላይ ያለው ጢማም ሰውዬ መንጃ ፈቃዴን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ሾፌሩ ቶሮንቶ ገብታለች ተባልኩ ብሎ ስለመዘገበ፣ ፖስታው ተመላሽ ነው፣ ለኔ መስጠት አይችልም። ልቆጣ ስል እናቴ በክርኗ ገፋ አድርጋኝ ወደ ፊት መጣች። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሴቶችን የምታስተምር ናት፤ ስትዋሽ ይዛችሁ እንኳ ዋሸሁ አታስብሏትም።

«እኔ ነኝ የዋሸሁት» አለችው በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዋ። «ልጄ ናት። ከኔ ጋር ነው የምትኖረው። ሰውዬው ፖሊስ መስሎኝ ነው።»

ሰውዬው እሷን አየ፣ እኔን አየ። «የኔም እናት ብትሆን ይሄንኑ ነበር የምታደርገው» ብሎ እየሳቀ ወደ ውስጥ ገባ። ፖስታውን ይዞ ሲመለስ ሐሳቡን እንዳይለውጥ ቶሎ ብዬ ፈረምኩለት። እፎይ! ሥራ ሲሰጡኝ እንኳ እንዲያ አልተነፈስኩም።

ወረቀቱ በሰዓቱ ማልታ ደረሰ፤ ፈቃዱም ከሰባት ሳምንት በኋላ መጣ። ይሄን የምጽፈው ሻንጣዬ ሳሎን መሃል ተከፍቶ ነው። እናቴ የክረምት ካልሲ እየከተተች፣ እኔ እያወጣሁ፣ «እማዬ፣ ፀሐይ አገር ነው እኮ» እያልኳት። አልሰማችኝም። ግን ፈቃዱ ሲመጣ የተሰማኝ እፎይታ ከዚያ ዓርብ ጋር አይወዳደርም፤ የዚያን ቀን፣ ከመጋዘኑ ወጥተን መኪናው እስኪሞቅ ስንጠብቅ ከሰማሁት ጋር።

ፖስታውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከፈተችና «አንብቢልኝ» አለችኝ። ስሜን፣ የተወለድኩበትን ቀን፣ የወንጀል ሪከርድ አልተገኘባትም የሚለውን አነበብኩላት።

«ድገሚው።»

ደገምኩላት። ከዚያ ያን ሁሉ ወር የሸሸሁትን ነገር ራሴ አነሳሁት። «እማዬ፣ ብቻሽን መቅረትሽ ነው እኮ። ቅሪ ካልሽኝ እቀራለሁ። ከልቤ ነው።»

ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች።

«ባለፈው ሳምንት» አለች፣ «እስር ቤት የሚሄደው የትኛው ባስ ነው ብዬ አንዱን ሾፌር ጠይቄው ነበር። ሁለት ባስ ነው አለኝ። በሳምንት ሁለት ቀን እየተመላለስኩ እጠይቃታለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር።» ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፋ ወደ ፖስታው መለሰችው። «ማልታማ ምን አላት? ሂጂ ልጄ።»