የካሴት ትራፊ

የፈንታሁን ትንሿ ጣት ጫፏ ጠጥሮ ነበር። በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ ደሴ ሆጤ በነበረው የአቶ ወንድምአገኘሁ ሙዚቃ ቤት የላላ ካሴት የሚያጠነጥነው በእሷ ነው። ለደንበኞች ካሴት ሲገለብጥ መጨረሻው ላይ የሚተርፈውን ባዶ ክር ዝም ብሎ መተው አይሆንለትም። ከሬዲዮ የቀዳውን ዘመናዊ የፒያኖ ሙዚቃ ይሞላበትና ከሙዚቃው በፊት በራሱ ድምፅ፣ «ይቺንም ስሟት፣ ትወዷታላችሁ» ይላል።

አንድ ቀን ወይዘሮ ሳፊያ ከቢስቲማ መጥተው ካሴታቸውን ባንኮኒው ላይ ወረወሩት።

«በመንዙማዬ ላይ ምን ቀጠልክበት? ሼሁ ለዱዓ እጃቸውን ሲያነሱ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ወላሂ፣ ጣራዬ የሚያፈስ መስሏቸው ቀና አሉ።»

አቶ ወንድምአገኘሁ ከጓዳ ወጡ። «ከሁሉም ካሴት ላይ አጥፋው። አለዚያ ሥራዬን ልቀቅ።»

«የእሳቸውን አጠፋለሁ፤ መንዙማ ላይ መጨመሬ ድፍረት ነው» አለ ፈንታሁን። «የሌላውን ግን አላጠፋም።»

«ሌላውስ ማን ወደደልህ?»

«እርስዎ ትናንት ከምሳ በኋላ እስከ መጨረሻው ሰምተውታል።»

«ተኝቼ ነበር እኮ።»

«ተኝተውም ቢሆን ዝጋው አላሉኝም።»

«ምላስህ ከፒያኖህ ይብሳል» አሉ ሳፊያ።

ፈንታሁን የመንዙማውን ካሴት ጫፍ አጥፍቶ አስረከባቸው። ከዚያ የፒያኖውን ካሴት ከቴፑ አውጥቶ ኮት ኪሱ ከተተና፣ ሥራውን ለቆ፣ ሁለቱንም ሳይሰናበት ወደ ፒያሳ ሄደ።